አንድ ድንኳን፣ ሁለት ድስት

«ሁለቱም ኮምፒውተር ናቸው? ናቸው። ሁለቱም ሜሞሪ አላቸው? አላቸው። ታዲያ ምን ያጣላቸዋል?»

ይህን ጥያቄ ሙዲሩ በዚያ ዓመት ስንቴ እንደጠየቀኝ እኔና ፈጣሪ ብቻ ነን የምናውቀው። ሙዲር የምንለው ሥራ አስኪያጁን ነው። የኔው ግን ካፊሌም፣ ማለት ዋሴም ስለሆነ፣ ኢቃማዬም (የመኖሪያ ፈቃዴ) መውጣት መግባቴም በእሱ ቃል ነው የሚያድረው። የሻይ ብርጭቆውን ይዞ ይመጣል፣ በሩን በእግሩ ይገፋል፣ የክፍሉ ቅዝቃዜ ደስ ሲለው ዐይኑን ጨፈን ያደርጋል፣ ከዚያ ያቺኑ ጥያቄ ያነሳል። ራሱ ጠይቆ ራሱ ይመልስና የመጨረሻዋን ብቻ ለኔ ይተዋታል።

የምንሠራው ጅዳ፣ ፔትሮሚን ሰፈር ውስጥ ነው። ግራና ቀኙ ጋራዥ፣ ፊት ለፊቱ የጎማ መጋዘን ነው፤ ቀኑን ሙሉ ቆርቆሮ ይቀጠቀጣል። በዚያ ሁሉ ዘይትና አቧራ መካከል አንዲት ክፍል በመስታወት ታጥራለች፤ ውስጧ አንድ ትልቅ ሰርቨር ቆሟል። የሰርቨሩ ሐኪምም ዘበኛም እኔ ነኝ። ኢቃማዬ ላይ ግን «ሾፌር» ይላል። ስድስት ዓመት ሙሉ አንድም ቀን መሪ ጨብጬ አላውቅም።

ሥራዬ ምን እንደሆነ ሲጠይቁኝ የማስረዳው በምኖርበት ቤት ነው። አል-ባላድ ሰፈር ውስጥ አንድ አሮጌ ቤት አለ፤ ባለቤቱ በቀጭን ጣውላ ከፋፍሎ ለስምንት ሐበሻ አከራይቶታል። እያንዳንዳችን የራሳችን ቤት ያለን ይመስለናል፣ ጎረቤት እስኪያስል ድረስ። ሰርቨሩም እንደዚያው ነው። አንዱ ትልቅ ኮምፒውተር በሆዱ ብዙ ተከራዮችን ያኖራል፤ ቨርቹዋል ማሽን ይባላሉ። አንዱ የመለዋወጫ ሱቅ ይሠራበታል፣ አንዱ ላውንደሪ ቤት፣ አንዱ የሐጃጆች ማረፊያ። ሁሉም «እኔ ራሴን የቻልኩ ኮምፒውተር ነኝ» ብለው ያምናሉ። ሜሞሪው በገጽ በገጽ እየተቆረጠ ይታደላቸዋል። ሁለት ተከራዮች ገጻቸው ላይ አንድ ዓይነት ነገር ከያዙ ሰርቨሩ አንዱን አስቀርቶ ሌላውን ይጥለዋል፤ ሁለቱም ያንኑ እያነበቡ ይኖራሉ። አንዳቸው ሊጽፉበት ሲሉ ብቻ የግል ቅጂ ይወጣላቸዋል። ቦታ የሚተርፈው እንዲህ ነው። እስከዚህ ድረስ ሰላም ነበር።

ሰላሙ የፈረሰው ሙዲሩ ለመካ ቅርንጫፍ ሁለተኛ ሰርቨር የገዛ ጊዜ ነው። መብራት አይበላም ተብሎ የተገዛ ነው፤ ፕሮሰሰሩ በስልካችን ውስጥ ያለው ዓይነት ነው። የጅዳው ደግሞ የድሮው፣ የጠረጴዛ ኮምፒውተሮቹ ዓይነት። ሁለቱ ፕሮሰሰሮች ቋንቋቸው ለየቅል ነው፤ ለአንዱ ትእዛዝ የሆነው ለሌላው ትርጉም የለሽ የቁጥር ክምር ነው። ሙዲሩ ይህን አልሰማኝም። ለእሱ የታየው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ የጅዳው ሰርቨር በተከራይ ታንቋል፣ የመካው ደግሞ ሜሞሪው ተኝቷል። «የተኛው ለታነቀው ያበድር» አለ። ይባስ ብሎ አንዱ ተከራይ፣ የመለዋወጫ ሱቁ፣ አንድ እግሩን ጅዳ፣ አንድ እግሩን መካ አድርጎ እንዲሠራ ፈለገ። ያለው ሌላው መንገድ ለጅዳው ተጨማሪ ሜሞሪ መግዛት ነበር። እሱን ግን አፉ ላይ ማምጣት አይወድም። ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ ማለት ይህ ነው።

አሁን ደግሞ የመካውን ሰውዬ ላስተዋውቃችሁ፤ ግማሹ ንዴቴ የሱ ነውና።

የመካውን ሰርቨር የያዘው እዚያው የተወለደ፣ አባትና እናቱ ከወሎ የሄዱ ሙስሊም ነው። በዕድሜ ትንሽ ይበልጠኛል። ሰርቨሩ መንሱር ሰፈር፣ ከጨርቅ ሱቅ ጀርባ፣ ደረጃ ሥር ባለች ጠባብ ክፍል ውስጥ ነው። ይህን የማውቀው አይቼው አይደለም። እኔ ክርስቲያን ነኝ፤ መካ አልገባም። ስለዚህ ያ ማሽን ሲታመም ምልክቱን የምሰማው በስልክ ነው፣ የማየው በእሱ ካሜራ ነው። እሱ ደግሞ ስልኩን ዘቅዝቆ ነው የሚይዘው። ሁለት ዓመት ሙሉ የመካን ሰርቨር ያየሁት ተገልብጦ ነው።

«ያ አኺ፣ ይኸው አየኸው?» ይለኛል፤ ወንድሜ ማለቱ ነው።

«ስልኩን አቅናው!»

«አቅንቼዋለሁ ወላሂ። ጅሃዙ ነው የተዘቀዘቀው።» ማሽኑን ነው ጅሃዝ የሚለው።

ደግሞ አይጽፍም። የሰባት ደቂቃ የድምፅ መልእክት ይልካል። አንድ ነገር በአንድ መስመር ጻፍልኝ ብዬ ለምኜዋለሁ፤ «የአማርኛ ፊደሉ አይገባኝም፣ የዐረብኛው ደግሞ ለአንተ አይገባህም» አለኝና ኻላስ፣ በዚያው ቀረ። በመልእክቱ ውስጥ መጀመሪያ ሰላምታ አለ፤ ቀጥሎ የኔ ጤና፣ የቤተሰቤ ጤና፣ የዝናቡ ነገር፤ ስድስተኛው ደቂቃ ላይ ሰርቨሩ መጥፋቱ ይነገረኛል። ያልኩትን ሁሉ ደግሞ ሦስት ጊዜ ያስደግመኛል። ከጀርባው እናቱ «ማነው? የወሎው ልጅ ነው? ሰላም በልልኝ!» ስትል ይሰማል። ስንት ቀን ስልኩን ጆሮው ላይ ዘግቼበታለሁ። ይህን ስጽፍ አፍራለሁ፤ ያን ጊዜ ግን አላፈርኩም።

በዚህ መካከል አባቴ ሞተ።

የሞተ ዕለት እኔ አልሰማሁም። አገር ቤት ያሉት ለቤት ጓደኞቼ ነገሯቸው፣ ጓደኞቼ ደግሞ እንደ ደንቡ መርዶውን ለማርዳት ደህና ቀን ጠበቁ። ደህናው ቀን ለመምጣት አሥራ አንድ ቀን ፈጀበት። አሥራ አንድ ቀን አብረውኝ በሉ፣ ቀልዴን ሳቁልኝ፣ «አባባ እንዴት ናቸው» እያልኩ ስደውል የእህቴን «ተኝተዋል» የሚል መልስ አብረው ሰሙ። አንድ ጠዋት ጎህ ሲቀድ ሁሉም ለብሰው አልጋዬ ዙሪያ ቆመው አገኘኋቸው። ትልቃችን «ተነሥ፣ ቁጭ በል» አለኝ፤ ገና አፉን ሳይከፍት ገባኝ። አለቀስኩ። ዕንባዬ ሳይደርቅ ደግሞ ተናደድኩ። ይኸን ደንብ ያወጣው ሰው ማን ነው? ለሐዘንተኛው ታዝኖ ሐዘኑን ይሰርቁታል እንዴ?

ንዴቴ ከንቱ አልነበረም፤ ቆጥሬ ነው። የአባቴ ተዝካር በአርባው ነው። እኔ ታላቅ ልጅ ነኝ። ወሎ፣ ከደሴ አለፍ ብሎ ባለው ሰፈራችን የአባቱ ተዝካር ላይ ያልቆመ ታላቅ ልጅ ስሙ ምን ተብሎ እንደሚነሳ አውቃለሁ። ከሰው ስም በላይ ግን ቀብሩን አጥቻለሁ፤ አርባውንም ካጣሁ አባቴን የሸኘሁበት ቀን የለኝም ማለት ነው። ከአርባው ላይ አሥራ አንዱን ጓደኞቼ በልተውብኛል። የቀረኝ ሃያ ዘጠኝ ነው።

በማግስቱ ለሙዲሩ ነገርኩት። ወጥቶ መመለሻ ቪዛ፣ ተእሺራ የሚሉትን፣ ካልሞላልኝ ከአገር መውጣት አልችልም። ክፉ ሰው አይደለም፤ «አላህ ይርሐመው» ብሎ ትከሻዬን ያዘኝ፣ ዐይኑም እርጥብ አለ። ሻዩን አንድ ጊዜ ፉት ካለ በኋላ ግን «ሁለቱ ማሽኖች አብረው መሥራት ሲጀምሩ በዚያው ቀን ትሄዳለህ። ሥራው ተንጠልጥሎ አንተን ብለቅ ማን ይጨርስልኛል?» አለ።

እንግዲህ የአባቴ ተዝካር በሁለት ማሽን ገጽ ላይ ታሰረ።

የመጀመሪያው ሳምንት ያለቀው የገጾቹን መጠን በማስታረቅ ነው። የጅዳው ሰርቨር ሜሞሪውን በትንንሽ ገጽ ነው የሚቆርጠው፤ የመካው አንድ ገጽ ግን የጅዳውን አሥራ ስድስት ያህላል። ጅዳ አንዲት ገጽ ስትልክ መካ አንድ ጆንያ ይዞ ይጠብቃል። አሥራ ስድስት አሥራ ስድስቱን እያሰርኩ መላክ ጀመርኩ፣ ተቀባበሉልኝ። በላውንደሪ ቤቱ የዋጋ ዝርዝር ሞከርኩት፤ ጅዳ የተጻፈው መካ ተነበበ። እውነቱን ለመናገር ተመጻደቅኩ። አወቅሽ አወቅሽ ሲሏት መጽሐፍ አጠበች እንደሚባለው፣ በዚያው ትምክህቴ የሱቁን ተከራይ ገጾች በሙሉ፣ አንዱንም ሳልመርጥ፣ ለሁለቱ ማሽኖች የጋራ አደረግኳቸው። ሁሉም በአንድ ቋት ይግባ፣ የፈለገ ከዚያ ይውሰድ አልኩ።

ከዚያ ሞት ሆነ። ተከራዩ አንድ እግሩን መካ ላይ ሲያሳርፍ በሰከንድ ውስጥ ድርቅ ይላል። እናስነሳዋለን፣ ይሞታል። ገጾቹን እፈትሻለሁ፤ አንድም የጎደለ ፊደል የለም፣ ከጅዳ የወጣው ሳይበላሽ መካ ደርሷል። ያደርቀኝ የነበረውም ይኸው ነው። የተበላሸ ነገር ቢኖር አስተካክለው ነበር።

«ያ አኺ፣ ሞተ» ይላል የመካው።

«ስክሪኑ ላይ ምን ይላል?»

«ጥቁር ነው። ግን ምን አደረግክ አሁን? ቀስ ብለህ ንገረኝ። ከመጀመሪያው።»

«ከመጀመሪያው ነግሬሃለሁ እኮ!»

«አብሽር። እንደገና ንገረኝ።»

እዘጋበታለሁ። ሙዲሩ በበኩሉ ሻዩን ይዞ ይመጣል፤ ሁለቱም ኮምፒውተር ናቸው? ናቸው። አንድ ቀን ተከራይ የሆነው የመለዋወጫ ሱቅ ባለቤት ራሱ ከጎረቤት ጋራዥ እየሮጠ መጥቶ «ሱቄ ጠፋ!» ብሎ መስታወቱን ደበደበ። ከድጡ ወደ ማጡ። ቀኖቹ እንደ ውሃ ፈሰሱ፤ ሃያ አምስት፣ ሃያ ስድስት፣ ሃያ ስምንት።

አባቴ በሞተ በሃያ ዘጠነኛው ቀን ከቀትር በኋላ ሁለት ስልክ ባንድ ጊዜ ይዤ ነበር። ሁለቱም በድምፅ ማጉያ ተከፍተዋል፤ በግራ እጄ የመካው ሰውዬ «ሞተ» ይለኛል፤ በቀኝ እጄ ከአገር ቤት ታናሽ ወንድሜ ስለ ተዝካሩ ይጠይቀኛል።

«ለሙስሊሞቹ እንዲያርድ ለማን እንንገር?» አለ ወንድሜ። «አባባ ሁልጊዜ ይነግሯቸው የነበሩት ጎረቤታችን አምና አርፈዋል። የነሱን ድስት የሚይዙትን ሴቶችስ ማን ይጥራቸው? አንተ ታላቅ ነህ፣ ወስን።»

እኔ እዚህ ከሬሳ ማሽን ጋር ታግዬ፣ መድረሴንም ሳላውቅ፣ እሱ ስለ ድስት! ግንፍል አልኩ።

«ምን ሁለት ነገር ታበዛላችሁ? የጾም አድርጉት! ሽሮም ምስርም በአንድ ድስት ይሠራ፣ ሁሉም ከዚያ ይብላ፣ አለቀ!»

 ወንድሜ ቀስ ብሎ፣ እኔን እንደ ታናሽ ቆጥሮ፣ «ጅዳ ስትኖር የአባትህን ቤት ረሳኸው መሰለኝ» አለኝ። «ለአባባ ተዝካር ሰው በሽሮ ይሸኛል? አባባ እኮ በሕይወታቸው አንድም ድግስ በአንድ ድስት ደግሰው አያውቁም። ድንኳኑ አንድ፣ ድስቱ ሁለት ነው።»

በግራ እጄ ካለው ስልክ ደግሞ፣ ከመካ፣ የሰውዬው እናት ድምፅ ጮኸ፤ «ልጁ እውነቱን ነው! እንዴት አንድ ድስት ይላል? ሁለት ነው እንጂ! ያ ሁሉ እስላም ጎረቤት ጦሙን ሊሄድ ነው?»

ሁለቱንም ስልክ ዘጋሁና ወለሉ ላይ ተቀመጥኩ።

አባቴ ሲደግስ ትዝ አለኝ። እኛ አገር ክርስቲያኑ የሙስሊሙን ሥጋ አይበላም፣ ሙስሊሙም የክርስቲያኑን። ስለዚህ አባቴ ለሙስሊም ጎረቤቶቻችን ከብቱን ለየብቻ ይገዛል፣ የሚያርደው ከነሱ ነው፣ ቢላዋው የነሱ፣ ድስቱና ጭልፋው የነሱ፣ ወጡን የሚሠሩት የነሱ ሴቶች ናቸው። የቀረው ሁሉ የጋራ ነው፤ ድንኳኑ፣ አግዳሚው፣ እንጀራው፣ ቃሪያው፣ ውሃው፣ ወሬው። አንድ እንግዳ ሲገባ ማንም «ከየትኛው ነህ» አይለውም፤ አሳላፊው ያውቀዋል፣ ሥጋውን ከራሱ ድስት ያወጣለታል። «ሥጋው ለየብቻ፣ ሰው አንድ ላይ» ይል ነበር አባቴ፣ ድስቶቹን ሲቆጥር።

እኔ ይህን እንዴት ረሳሁት? የረሳሁት ስለማልበላ ነው። ጅዳ ከመጣሁ ጀምሮ ሥጋ በአፌ አልዞረም፤ የሚታረደው ሁሉ የነሱ ነው፣ እኔም እንዳደግኩበት ነኝ። ቤታችን ውስጥ ስምንታችንም እንደዚያው ነን። ስለዚህ አንድ ድስት ብቻ አለን፣ ሽሮ ወይ ምስር ይሠራበታል፣ ያገኘ ሁሉ ይጨልፋል፤ ሙስሊም እንግዳ ቢመጣም እዚያው ነው፣ ሽሮ ማንንም አያስቀይምም። ስድስት ዓመት ከአንድ ድስት የበላ ሰው ሁሉም ነገር በአንድ ድስት የሚሆን ይመስለዋል። ልብ ካላየ ዐይን አያይም።

የተከራዩም ገጾች እኮ ሁለት ዓይነት ናቸው። አንዳንዱ ገጽ ስምና ዋጋ፣ ፎቶና ዝርዝር ነው የያዘው። እሱ ሽሮ ነው፤ ጅዳም መካም ይበላዋል። የላውንደሪ ቤቱ ሙከራ የሠራልኝ ለዚያ ነበር። አንዳንዱ ገጽ ግን ፕሮሰሰሩ የሚፈጽመውን ትእዛዝ ራሱን ነው የያዘው። እሱ ሥጋ ነው። እኔ በጅዳ የታረደውን ለመካ እያቀረብኩ «ምንም አልተበላሸም እኮ» እላለሁ። አዎ፣ አልተበላሸም። ግን የሱ አይደለም።

በማግስቱ ጀመርኩ። ፕሮግራሞቹን ሁሉ ሁለት ሁለት ጊዜ አሰናዳሁ፤ አንዱን በጅዳው ፕሮሰሰር ቋንቋ፣ አንዱን በመካው። የትእዛዝ ገጾቹ በሁለቱም ቤት በአንድ ቁጥር፣ በአንድ መደርደሪያ ላይ እንዲቀመጡ አደረግኩ፤ ተከራዩ «ሰባተኛው ገጽ» ሲል ጅዳ ያለው የጅዳውን፣ መካ ያለው የመካውን ያገኛል፣ የትኛው እንደሆነ አይጠይቅም። የሚጓዙት የዕቃ ገጾች ብቻ ናቸው። የመካው ሰውዬ በየእርምጃው «ቀስ በል፣ እንደገና» አለኝ፣ እኔም ጥርሴን ነክሼ ደገምኩለት። በሠላሳ አምስተኛው ቀን ተከራዩ ጅዳ ላይ የከፈተውን ሥራ መካ ላይ ጨረሰ። ቀርፋፋ ነው፣ ከሰማንያ ኪሎ ሜትር የሚመጣ ገጽ እንዴት አይዘገይም? ግን አልሞተም። ቀኑን ሙሉ ተቀምጬ ጠበቅኩት፤ አልሞተም።

ሙዲሩ ጋ ሮጥኩ። አየ፣ «ማሻአላህ» አለ፣ አቀፈኝ። ተእሺራዬን ስጠይቀው ፊቱ ጨለም አለ።

«ይህን ነገር ካንተ ሌላ የሚያውቅ ሰው አለ?» አለኝ።

«የለም።»

«እንግዲያ እንዴት ልልቀቅህ? ብትሄድና ቢቆም?»

ሳይሠራ ስላልሠራ አልሄድም፤ ሲሠራ ስለሠራ አልሄድም። አልሸሹም ዞር አሉ! የዚያን ቀን የተናገርኩትን አልደግመውም፤ ደግነቱ በአማርኛ ነበር። ወጥቼ የጎማ መጋዘኑ ጥላ ሥር ቆሜ ለመካው ሰውዬ ደወልኩለት። ለምን ለእሱ እንደሆነ አላውቅም። «አልሄድም» አልኩት። ዘጋው። ለመጀመሪያ ጊዜ እሱ ዘጋብኝ።

በማግስቱ ጠዋት የመስታወቱን በር አንድ ሰው አንኳኳ። ረጅም፣ ቀጭን፣ ነጭ ቶብ የለበሰ፣ ጺሙ ሸበት ያለ ሰው ነው። «ያ አኺ» ሲል ነው ያወቅኩት። ሁለት ዓመት ስንጨቃጨቅ ተያይተን አናውቅም ነበር። እኔ መካ አልገባም፤ እሱን ደግሞ «ና» ብዬው አላውቅም።

ብብቱ ሥር ወፍራም ደብተር አለ። ገልጦ እየጠቆመ አነበበልኝ። በዐረብኛ ፊደል፣ ገጽ በገጽ፣ እኔ በስልክ የነገርኩት ሁሉ ተጽፏል፤ ያስደገመኝ ሁሉ፣ የተቆጣሁት ሁሉ፣ የተሳሳትኩት ሳይቀር። «አንተ ፈጥነህ ነው የምታወራው» አለኝ ይቅርታ እንደሚጠይቅ ሰው። «እጄ አይደርስብህም። ለዚያ ነው የማስደግምህ።»

ከዚያ ሙዲሩ ቢሮ ይዞኝ ገባ። ደብተሩን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠና በዐረብኛው፣ ያለ ምንም ሰላምታ ማራዘም፣ እንዲህ አለ፤ «እሱ ጅዳ ብቻ ነው የሚገባው። እኔ ጅዳም መካም እገባለሁ። የሚያውቀውን ጽፌዋለሁ። ልጁ አባቱን ይሸኝ።»

ሙዲሩ ደብተሩን አገላበጠ። እኔ ደግሞ ቆሜ አንድ ነገር ገባኝ፤ ሁለቱንም ከተማ የሚገባ፣ ሁለቱንም ማሽን የሚያውቅ ሰው ካለ፣ መሪ የማይጨብጥ ሾፌር ምን ያደርግላቸዋል? ስመለስ ወንበሬን ላላገኘው እችላለሁ። ያን ሁሉ እውቀት በገዛ አፌ፣ ያውም እየተሳደብኩ፣ አስረክቤዋለሁ። ፈራሁ፤ አልዋሽም። ግን ተእሺራው በዚያው ከሰዓት ስልኬ ላይ ገባ፤ አሻፈረኝ አላልኩም።

በአርባው ቀን ጠዋት ደረስኩ። ድንኳኑ ተተክሏል፣ አንድ ድንኳን። በስተግራ የኛ ድስት፣ በስተቀኝ የነሱ ድስት ተጥዷል፤ ያረፉት ጎረቤታችን ልጅ ቢላዋውን ይዞ መጥቶ አርዶላቸዋል። ፍትሐቱ አልቆ ሰው ከቤተ ክርስቲያን ተመልሷል። ወንድሜ ከኛ ድስት አውጥቶ ሰሐን ሰጠኝ። ስድስት ዓመት ያልበላሁትን ሥጋ ወደ አፌ ሳደርስ ስልኬ ጮኸ። መካ ነው።

«ምን ሆነ?» ብዬ ጮህኩበት። አመል አይለቅም።

«ጅሃዙ ደህና ነው፣ አብሽር። አንዱ ወድቆ ነበር፣ አነሳሁት። ለሱ አይደለም። እናቴ ካላገናኘኸኝ ብላ ነው።»

እናቱ መጣች። «ልጄ፣ ነፍስ ይማር። ሁለት ድስት ነው ያደረጋችሁት?»

«ሁለት ነው፣ እማማ።»

«የኛዎቹ መጥተዋል?»

ሰሐኔን አስቀምጬ ወደ ቀኙ ሄድኩ። ሽማግሌዎቹ በልተው ጨርሰው እጃቸውን ዘርግተዋል፤ አንደኛው በዚያ በወሎ ዜማ ለአባቴ ዱዓ ያወጣሉ፣ ሌሎቹ «አሚን» ይላሉ። ስልኩን በድምፅ ማጉያ ከፍቼ አግዳሚው ላይ፣ በመካከላቸው አስቀመጥኩት። ትንሽ ቆይቶ ከስልኩ ውስጥም «አሚን» የሚል የሴት ድምፅ ወጣ። ዱዓ የሚያወጡት ሰውዬ ቆም ብለው «ማናት?» አሉኝ።

«መካ ነው ያሉት። የወሎ ናቸው። በልጅነታቸው እንደወጡ አልተመለሱም።»

ሽማግሌው ወደ ስልኩ ዝቅ አሉና ዱዓውን እንደገና ከመጀመሪያው ጀመሩት፣ ቀስ ብለው፣ የእሷም «አሚን» እንዲደርስባቸው። እሷ ማልቀስ ጀመረች፤ እኔም በአሥራ አንደኛው ቀን በንዴት ያቋረጥኩትን ለቅሶ እዚያ አለቀስኩት። መሀል ላይ ኔትወርኩ ሄደና ስልኩ ተቋረጠ።

እኔው ራሴ መልሼ ደወልኩ።